ጠቢቡን ሕፃን የከሰሰው ሰው

ጋሼ ማንያዘዋል ሞተ ሲሉኝ መጀመሪያ ከአፌ የወጣው «ውሸት ነው!» የሚል ነበር። «እሱ ቢሞትማ የለቅሶው ጩኸት ከድሬዳዋ ጅቡቲ ድረስ ይሰማን ነበር» አልኩ። ወሬውን ያመጣልን የባቡሩ ትኬት ቆራጭ ግን ማተቡን ጨብጦ ማለልኝ። ጋሼ የጅቡቲ ሥራውን ትቶ ወደ ድሬዳዋ ከወጣ ቆይቷል። አሟሟቱንም ነገረን፤ ቁርሱን በልቶ፣ ደጁ ላይ ቁጭ ብሎ፣ ጎረቤቱ ገፍቶ ስላጠረው አጥር ሲሟገት፣ ሙግቱን ሳይቋጭ ዘንበል አለ። ይኼኔ አመንኩ። ሙግት የጀመረን ማንያዘዋልን ከሞት በቀር ማንም አፉን ሊያስይዘው አይችልም። አለቀስኩ፣ ኋላ ሳቅሁ፣ ደግሞ አለቀስኩ።

ጋሼ የምለው በዕድሜ ስለሚበልጠኝ ነው። አንተ የምለው ደግሞ አንቱ ሲሉት ስለሚቆጣ ነው። «ምነው አስካለ፣ ልትቀብሪኝ ቸኮልሽ እንዴ?» ይለኝ ነበር። የቡልጋ ሰው ነው። ባቡሩ ከሸዋ ቡናና ቆዳ ማውረድ በጀመረበት ዘመን በጅቡቲ ጣቢያ መጋዘን ሚዛን ላይ ይሠራ ነበር። ረጅም፣ ቀጭን፣ ጢሙ ከሱ ቀድሞ በር የሚገባ ሰው ነው። በዚያ ወበቅ ሰው ሁሉ ሽርጥ አገልድሞ ሲሄድ እሱ ነጠላውን አጣፍቶ፣ ከዘራውን ይዞ፣ ችሎት እንደተጠራ ሰው ነበር የሚራመደው። ሰው ግን በሚዛኑም በጢሙም አያውቀውም። የሚያውቀው በለቅሶው ነው።

ጅቡቲ ውስጥ አንድ የአበሻ ክርስቲያን ከሞተ ጋሼ ማንያዘዋል ያለቅሳል። ቢያውቀው ያለቅሳል፤ ባያውቀውም ያለቅሳል። እንደውም ሳያውቀው ሲቀር ነው የሚብስበት። ደረቱን እየደቃ፣ ከዘራውን እየሰበቀ፣ ሙሾ እያወረደ መቃብሩን ሲዞር የፈረንጅ ወታደሮች ሳይቀሩ ኮፍያቸውን ያወልቁ ነበር። ችግሩ ሟቹን ስለማያውቅ ሙገሳውን በግምት ነው የሚያወርደው። አንድ ልብስ ሰፊ ሞቶ «አንበሳውን በጦር የወጋ!» ብሎ አለቀሰለት። ሚስቱ ከለቅሶዋ ቀና ብላ «የኔው ነው?» ብላ ጠየቀች። ሰውዬው ከመርፌ በቀር ምንም ወግቶ አያውቅም ነበር።

ከሁሉ የማልረሳው የአንዲት ወጥ ቤት ሴት ቀብር ነው። ጋሼ ከሥራ ዘግይቶ፣ እየሮጠ፣ ገና ከበሩ «ወንድሜ ጋሻዬ፣ ወንድሜ መከታ!» ብሎ ገባ። እኔ በክርኔ ነካ አደረግሁትና «ሴት ናት!» አልኩት። ቆም እንኳ አላለም። በዚያው ዜማ ቀጠለ፦

«ወንድሜ ጋሻዬ፣ ወንድሜ መከታ፣
ለካ እህቴ ኖረሻል፣ ነገሩ ሲፈታ!»

ቀባሪው ሁሉ ነጠላውን አፉ ውስጥ ጎሰጎሰ። ሳቅ ይሁን ለቅሶ ያልለየ ትከሻ ብቻ ነበር የሚንቀጠቀጠው።

ይህን አመል ከየት እንዳመጣው አንድ ቀን ጠየቅሁት። ቀልዱን ተወና ነገረኝ። መጀመሪያ ወደ ጅቡቲ ሲወርድ አንድ የቀን ሠራተኛ ሞቶ፣ ሁለት ሰዎች በሳንቃ ተሸክመው፣ ድምፅ ሳይሰማ፣ ጉድጓድ ውስጥ ከተው፣ እጃቸውን አራግፈው ሲሄዱ አየ። «አስካለ፣ ጆንያ እንኳ ሲያራግፉ እህ ይላሉ» አለኝ። «እናቱ ብታየው ምን ትላለች? ሰው ያለ ለቅሶ አይቀበርም። እኔ እያለሁ አይሆንም!» ከዚያ ወዲህ ማንም ሳይሾመው የአልቃሽነቱን ሹመት ያዘ። እኛም እንስቅበት ነበር እንጂ በልባችን ደስ ይለን ነበር። ዘመድ በሌለበት ባሕር ዳር ሞቶ መቅረትን የማይፈራ ማን አለ? ማንያዘዋል ካለ ቢያንስ አንድ ሰው ይጮህልናል።

እንግዲህ ወደ መጽሐፉ ልምጣ።

አባቴ ዲያቆን ነበር፤ ሴት ናት ሳይል ፊደል አስቆጠረኝ። ሲሞትም በብራና የተጻፈ፣ ማንገቻ ባለው የቆዳ ማኅደር የተከተተ መጽሐፍ ተወልኝ። «ነገረ ብላቴና» ይባላል። ታሪኩ ቀላል ነው። አንድ የሰባት ዓመት ሕፃን ከእግዚአብሔር ጥበብ ተሰጥቶት ከአገር አገር ይዞራል። ንጉሥ ያገኛል፣ አንድ ነገር ይጠይቀዋል። ዳኛ ያገኛል፣ ይጠይቀዋል። የተጠየቀው ሁሉ ያፍርና ይመከራል። በየወሩ የሚካኤል ማኅበራችን ላይ ጽዋው ከተቀመሰ በኋላ አንድ ምዕራፍ አነብላቸው ነበር።

የማነበው አንድ መጽሐፍ ነው፤ እነሱ የሚሰሙት ግን እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ነው። የማኅበሩ ሙሴ፣ መሪያችን አቶ ደገፉ፣ የቡና ነጋዴ ናቸው። «እንዲህ ያለ ልጅ ለኔ በሰጠኝ!» እያሉ ጭናቸውን ይመታሉ። ሕፃኑ ባለጠጋውን «አባቴ፣ ይህ ሁሉ ጎተራ ለስንት ሆድ ነው?» ብሎ የሚጠይቅበት ቦታ ሲደርስ ግን ሳል ይይዛቸዋል። ሳሉም ምዕራፉ እስኪያልቅ አይለቃቸውም። ጠጅ ነጋዴዋ እትዬ ብርቄ ደግሞ ጥበቡ ደንታዋም አይደለም። «ቆይ እስቲ፣ ይህ ልጅ ምን በልቶ ነው የሚዞረው?» ትላለች። «ከመነሻው እስካሁን እህል በአፉ አልዞረም! እናት የለውም? እናንተስ ጥበብ ጥበብ ትላላችሁ፣ አንጀቱ የታጠፈ ልጅ!» ብላ ታለቅሳለች። ባሌ የጣቢያው ቴሌግራም ሠራተኛ ነበር፤ እሱ መጀመሪያው ገጽ ላይ ይተኛና በመጨረሻው ሲነቃ «ደረሰ?» ይላል፣ ባቡር ይመስል። ግድግዳ የሚያዋስኑን የሐረሩ ጨርቅ ነጋዴ አው ዩሱፍ እስላም ቢሆኑም ማኅበሩ እኛ ቤት ሲሆን ወንበራቸውን ወደ አጥሩ ጠጋ አድርገው ያዳምጣሉ። «ልጁ ብልህ ነው» ይላሉ። «ሱቅ ላይ ግን አላስቀምጠውም። በጥያቄው ገዢ ያባርራል።»

ከሁሉ አብልጦ ሕፃኑን የሚወደው ጋሼ ማንያዘዋል ነበር። ሕፃኑ ንጉሡን ሲጠይቅ ከመቀመጫው ተነሥቶ «በለው! እንዲህ ነው እንጂ! ይህስ የቡልጋ ልጅ መሆን አለበት!» ይል ነበር። አጎቱ ሆኖ ቁጭ አለ ማለት ይቻላል።

ከዕለታት በአንዱ ሚካኤል የለቅሶው ምዕራፍ ደረሰ። ሕፃኑ ለቅሶ ቤት ይገባል። ከሰዉ ሁሉ በላይ የሚያለቅስ፣ ደረቱን የሚደቃ አንድ ሽማግሌ ያያል። ጠጋ ይልና የልብሱን ጫፍ ጎተት ያደርጋል። «አባቴ፣ የሚያለቅሱለት ሰው ስሙ ማን ነው?» ይለዋል። ሽማግሌውም መልስ አጣ ይላል መጽሐፉ።

መልስ አጣ ብዬ ቀና ስል ማኅበርተኛው ሁሉ ዞሮ ጋሼ ማንያዘዋልን ያያል። መጀመሪያ እትዬ ብርቄ ፍርፍር አለች። ከዚያ አቶ ደገፉ። ከዚያ ቤቱ ተናጋ። አው ዩሱፍ እንኳ ከአጥር ወዲያ «አላህ! አላህ!» እያሉ ሲስቁ ይሰማል። ባሌ ነቅቶ «ደረሰ?» ቢል የባሰ ሆነ።

ጋሼ አልሳቀም። ጢሙ ብቻ ወደ ታች ወረደ። ተነሥቶ ነጠላውን አጣፋና «ጥሩ ነው» አለ። «ስሜ እስኪነጻ ድረስ ከዓይኔ አንድ እንባ ቢወርድ የእናቴ ልጅ አይደለሁም!» ብሎ ወጣ።

እኛ ቁጣው ከጽዋው ጋር የሚበርድ መስሎን ነበር። የለም! በሚቀጥለው ሳምንት አንድ ሐማል፣ የወደብ ተሸካሚ፣ ሞተ፤ ጋሼ ቀብሩ ላይ መጣ፣ እጁን አጣምሮ ቆመ፣ ድምፁ አልወጣም። ጭር አለ። አካፋው ብቻ ነበር የሚሰማው። ከቀብር ስንመለስ እትዬ ብርቄ ክንዴን ጨምድዳ ያዘችኝ። «አስካልዬ፣ እንዲህ ነው የምንቀበረው? እኔ ስሞት ማን ሊጮህልኝ ነው? በይ ይህን መጽሐፍሽን አስታርቂው!» አለችኝ። አቶ ደገፉም፣ ሳላቸውን ረስተው፣ «ያ ሰው ካላለቀሰ ማኅበሩ ምን ዋጋ አለው?» አሉ።

እኔም ቤቱ ሄድኩ። «ጋሼ፣ ምን ይሁንልህ?» አልኩት።

«ዳኛ» አለ።

«በማን ላይ?»

«በልጁ ላይ! በአደባባይ ሰድቦኛል፣ በአደባባይ ይመልስ።»

«ጋሼ፣ መጽሐፍ እኮ ነው።»

«ለስድብ ጊዜ ልጅ፣ ለሙግት ጊዜ መጽሐፍ? አይሆንም፣ እታለም!»

ምን ላድርግ? እሑድ ከሰዓት ግቢያችን ውስጥ ችሎት ተቋቋመ። ዳኛ ማን ይሁን ሲባል፣ ክርስቲያኑ ሁሉ ስቋልና ወገን ይዟል አለ ጋሼ። አው ዩሱፍም እንደሳቁ ያውቃል፤ ግን «እሳቸው ከአጥር ወዲያ ሆነው ነው የሳቁት፤ ሌላ ግቢ ነው» ብሎ ተቀበላቸው። አው ዩሱፍ ቆባቸውን አስተካክለው ደጅ በወጣው የእኛ አልጋ ላይ ተሰየሙ። መጽሐፉ ከነማኅደሩ ትራስ ላይ ተቀመጠ። ጋሼ ነጠላውን ትከሻው ላይ ጣለ፣ ከዘራውን አነሣ፣ ወደ ትራሱ ዘሎ ቀረበ።

«ተጠየቅ!» አለ።

መጽሐፉ ዝም።

«ተጠየቅ! ለቅሶ ላይ ያለ ሽማግሌን ልብስ መጎተት ማን አስተማረህ?»

ጠበቃው እኔ ነኝና ተነሣሁ። «ልጠየቅ! ልጁ ገና ሰባት ዓመቱ ነው፤ ለአቅመ ሙግት አልደረሰም» አልኩ።

«ለአቅመ ሙግት ያልደረሰ ለአቅመ ስድብ እንዴት ደረሰ?»

አው ዩሱፍ ጺማቸውን ይዘው «ይኼ ደኅና ነገር ነው» አሉ። እኔ ተናደድኩ።

«አልተሳደበም! ስም ነው የጠየቀው። ስም መጠየቅ ከመቼ ወዲህ ነው ስድብ የሆነው?»

«በለቅሶ መሐል ስድብ ነው! ሐዘንተኛ ይጽናኑ ይባላል እንጂ ይመርመሩ አይባልም!»

ምስክር ተጠራ። እትዬ ብርቄ ቀረበችና «መጀመሪያ ልጁ ይብላ» አለች። «ያልበላ ልጅ አፉ አያምርም፤ ይህን ሁሉ ያናገረው ረሀብ ነው።» አቶ ደገፉ ቀረቡና «እውነት ለመናገር ልጁ ልክ ነው» አሉ። ጋሼ ዞር ብሎ አያቸው። «አቶ ደገፉ፣ የጎተራውን ጥያቄስ መልሰውታል?» አላቸው። ሳላቸው ተነሣ። ምስክርነታቸው በዚያው ቀረ።

ፀሐይ ሲያዘቀዝቅ አው ዩሱፍ ለሚቀጥለው እሑድ ቀጠሩ። ጋሼ ግን አሁንም እጁን አነሣ።

«ዋስ ይጥራ!» አለ። «ዛሬ እዚህ ነው፣ ነገ ከአገር ቢወጣስ? ሥራው መዞር አይደለም?»

አቶ ደገፉ «አባቱን የማላውቀውን ልጅ አልዋስም» አሉ። እትዬ ብርቄ ልትዋስ ብድግ ስትል ጋሼ «ምስክር ዋስ አይሆንም» አላት። እኔን «ጠበቃ ዋስ አይሆንም» አለኝ። ባሌ ተኝቷል።

«እንግዲህ በናንተ አገር ዋስ ያጣ ተከሳሽ ምን ይደረጋል?» አሉ አው ዩሱፍ።

«ከከሳሹ ጋር በቁራኛ ይታሰራል!» አለ ጋሼ፣ አፉ ቀድሞት።

አው ዩሱፍ ፈገግ አሉ። «ታሰሩ» አሉ።

ጋሼ የሕግ ሰው ነው፤ በሕግ አይጫወትም። የነጠላውን ጫፍ ለራሱ ዳኛ አቀረበ። አው ዩሱፍ ከማኅደሩ ማንገቻ ጋር ጠበቅ አድርገው ቋጠሩት። ከሳሽና ተከሳሽ ተያይዘው ከግቢያችን ሲወጡ እትዬ ብርቄ ከኋላ «ራቱን እንዳትከለክለው!» ብላ ጮኸች።

ያ ሳምንት! ጅቡቲ እንደዚያ ስቃ አታውቅም። ጋሼ ሰኞ ጠዋት ሕፃኑን እንዳነገተ ሥራ ገባ። የመጋዘኑ ፈረንሳዊ አለቃ በአስተርጓሚ «ይህ ምንድን ነው?» አለው። «ተከሳሼ ነው» አለ ጋሼ። ፈረንሳዊው «በሥራ ሰዓት መካሰስ ክልክል ነው» ቢለው፣ «እኔማ እየሠራሁ ነው፤ ሥራ የፈታው እሱ ነው» አለ። ቡና ጎንበስ ብሎ ሲመዝን መጽሐፉ ሚዛኑ ላይ ያርፋል። «ልጁን ቀንሱ!» ይላል። ከመጋላ፣ ከአገሬው ሰፈር፣ የሚመጡት የሶማሌ ተሸካሚዎች ትልቅ ኪታብ የያዘ ሼክ ነው ብለው መንገድ ይለቁለት ጀመር። አንዱ ጥርሱን አሞት መጽሐፉን ጉንጩ ላይ እንዲያስነካለት ለመነው። ጋሼ አስነካውና «ይህ ልጅ ለምላስ እንጂ ለጥርስ አይሆንም፤ ብቻ እንሞክር» አለው። ሰውየው ዳነ ይላሉ፤ ጋሼን ግን በጣም አናደደው። ተከሳሹ ስም ማግኘት ጀመረ!

እትዬ ብርቄ ቤት ምሳ ሲበላ እሷ ሁለት ሳሕን ታቀርባለች። «ይኼ ያንተ ነው፣ ይኼ የልጁ» ትለዋለች። ጋሼ የራሱን ይጨርስና ዙሪያውን አይቶ የልጁንም ይበላል። «ምግቡን ቀማኸው!» ስትለው «ከኔ ጋር የታሰረ በኔ አፍ ይበላል፣ ሕጉ ነው» ይላታል። እሷም ዕድሜዋን ሙሉ ልታበላው የተመኘችውን ልጅ እንዳበላች ቆጥራ ደስ አላት።

ጋሼ ፊደል ያውቃል፤ ሲያነብ ግን ድንጋይ እንደሚፈነቅል ሰው እያማጠ ነው። ማስረጃ ፍለጋ ልጁን መልሶ መላልሶ ማንበብ ያዘ። ረቡዕ ከሥራ ሲመለስ በደጃችን ቆም አለ።

«አስካለ፣ ይህ ልጅ ለዳኛው ያለውን አይተሻል? ልክ ልኩን ነው የነገረው!»

«ታዲያ ጠቢብ ነው አትልም?»

«በሌላው ላይ ጠቢብ ነው። በኔ ላይ ባለጌ ነው።»

ሳቅሁበት። ኋላ ሳስበው ግን ማኅበራችን ሁሉ መጽሐፉን የሚሰማው እንደዚሁ ነበር፤ እሱ ደፍሮ ተናገረው እንጂ።

ዓርብ ዕለት ወደቡ ላይ አንድ ልጅ እግር ሰው ሞተ። ከመርከብ ከሰል ከሚያራግፉት ነው። ሙቀቱ ነው አሉ፤ ጥላ ፍለጋ ከጆንያ ሥር ገብቶ በዚያው ቀረ። ከየት እንደመጣ የሚያውቅ የለም። አብረውት የሚሠሩት «አንተ» ነበር የሚሉት። አንገቱ ላይ ማተብ ስላለ የኛ ሰው ነው ብለው ላኩብን። ማኅበሩ ተጠራ፤ ደግነቱ አልፎ አልፎ የሚመጡልን ቄስም ያን ሰሞን ከድሬዳዋ ወርደው ነበር። ጋሼ ማንያዘዋልም ከመጋዘን መጣ፣ መጽሐፉን እንዳነገተ። ቁራኛ ነውና ጥሎት ሊመጣ አይችልም።

ጉድጓዱ ዳር ቆምን። እንደ ሐማሉ ቀብር ጊዜ ጭር አለ። ማንም ለመጮህ ድፍረት የለውም፤ ድሮ የሚጮህልን ሌላ ሰው ነበራ። ቄሱ ፍትሐት ሊጀምሩ መስቀላቸውን አነሡና ወደኛ ዞሩ።

«የክርስትና ስሙ ማን ነው?» አሉ።

አቶ ደገፉ መሬት መሬት አዩ። እትዬ ብርቄ አፏን ከፈተችና መልሳ ዘጋች። ቄሱ ደግመው «ልጆቼ፣ ይህ ሰው ስም የለውም?» አሉ። እኔ ጋሼን አየሁት። የነጠላው ጫፍ ውጥር ብሎ መጽሐፉ ከጎኑ ተንጠልጥሏል፤ ጎተት ያደረገው ሰው ያለ ይመስላል። ፊቱ ተለዋወጠ። ከዘራውን ጣለ።

«አላውቅም!» ብሎ ጮኸ። «አባቴ፣ አላውቅም! ልጁም ጠይቆኛል፣ እርስዎም ጠየቁኝ፤ አላውቅም!» ከዚያ ያን ሁሉ አንበሳ ገዳይነት፣ ያን ሁሉ ጋሻ መከታ ትቶ፣ ደረቱን ሳይደቃ፣ ቀስ ባለ ድምፅ እንዲህ አለ፦

«ስምህን ባውቀውማ እጠራህ ነበረ፣
እናትህ ያወጣችው እዚያው አገር ቀረ።
ኮሽ ባለ ቁጥር ልጄ ነው ትላለች፣
እኛ አፈር ስናለብስህ ደጅ ደጁን ታያለች።»

ወዮ! ያን ዕለት ያለቀስኩትን አባቴ ሲሞትም አላለቀስኩም። እትዬ ብርቄ መሬት ላይ ተቀመጠች። አቶ ደገፉ ሰው ያየኛል ሳይሉ እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቁ። ጋሼ ራሱ እንባው በጢሙ ላይ እየወረደ ቆሞ ቀረ። ቄሱ «ስሙን እግዚአብሔር ያውቀዋል» ብለው ፍትሐቱን ጀመሩ፤ ድምፃቸው ግን ይሰበር ነበር።

እሑድ ችሎቱ ተሰየመ። አው ዩሱፍ «ከሳሽ፣ ምን ትላለህ?» አሉ።

ጋሼ ከዘራውን ከቀኝ እጁ ወደ ግራ፣ ከግራ ወደ ቀኝ አዛወረ። የቡልጋ ሰው ክስ ሲተው ምን ያህል እንደሚያመው ታውቃላችሁ?

«ረታኝ አልልም» አለ በመጨረሻ። «እኔም ረታሁት አልልም። ጠየቀኝ። መለስኩለት። አሁን ይፈታ።»

አው ዩሱፍ ቋጠሮውን ሊፈቱ ሞከሩ፤ በላብና በባሕር ጨው ደርቆ አልፈታ አለ። በመጨረሻ የጨርቅ መቀሳቸውን ከሱቃቸው አስመጥተው የነጠላውን ጫፍ ቆረጡት። ቁራጯ እስከ ዛሬ ማንገቻው ላይ አለች። እትዬ ብርቄ መጽሐፉን አንሥታ በእጇ መዘነችና «ምንም አልወፈረም!» ብላ ጋሼን ተቆጣችው።

ጉዱ ግን ከዚያ በኋላ ነው የመጣው። ጋሼ ማንያዘዋልን አዲስ አመል ያዘው። ባቡር በገባ ቁጥር የፉርጎው በር ሥር ይቆማል። ከላይ አገር የመጣ ሰው ገና እግሩ መሬት ሳይነካ «ስምህ ማን ነው? የክርስትናህስ? እናትህ ማን ብላ ነው የምትጠራህ?» ይለዋል። የአገሩ ልጆች የጉምሩክ ሹም መስሏቸው እየተንቀጠቀጡ ይነግሩታል። አንዱማ የአያቱን ስም ጭምር ነግሮት «ሌላ ያለኝ በርበሬ ብቻ ነው» ብሎ ጆንያውን ፈታ። ሁሉንም በቃሉ ይይዛል፤ ስንቱን ኩንታል ሲመዝን የኖረ ራስ ነው።

በሽተኛ ጠየቀ ማለት ደግሞ ጉድ ነው። አቶ ደገፉ ጉንፋን ይዟቸው ተኝተው ሳለ ጋሼ ገብቶ፣ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ብሎ፣ በለስላሳ ድምፅ «አቶ ደገፉ፣ የክርስትና ስምዎ ማን ነበር?» አላቸው። አቶ ደገፉ ብርድ ልብሱን ወርውረው ዘለው ተነሡ። «ገና ነኝ! ውጣ ከቤቴ! ገና ነኝ አልኩህ!» በማግስቱ ወደቡ ላይ ቡና ሲያስጭኑ ታዩ። ሐኪም እንደዚያ አድርጎ አይፈውስም። ሰው ሁሉ ሲያየው መንገድ መቀየር ጀመረ፤ ሆኖም ኋላ ኋላ ሁሉም ነገረው። ከዚያ ወዲህ ጋሼ ከዚህ አገር እስኪወጣ ድረስ ስሙ ሳይጠራ የተቀበረ አንድም የኛ ሰው አላውቅም።

እኔን የጠየቀኝ ደጄ ላይ ቁጭ ብዬ ስፌት ስሰፋ ነው።

«አስካለ፣ የክርስትና ስምሽ ማን ነው?»

«ሂድ ወዲያ! አንድ ነገር የታየህ አለ እንዴ? ፊቴ ገርጥቷል?»

«ፊትሽ እንደ ቲማቲም ነው። ብቻ ንገሪኝ።»

«አልነግርህም! ምን ያስቸኩልሃል?»

«እኔ አልቸኮልኩም፤ አንቺም አትቸኩይ። ግን ሳላውቀው አልሂድ።»

ድምፁ ውስጥ ቀልድ አልነበረም። መርፌዬን አስቀመጥኩ። በዚህ ሁሉ ዘመን፣ በዚህ ሁሉ ጨውና ከሰል መሐል፣ ያን ስም የጠየቀኝ ሰው እንዳልነበረ ያን ጊዜ ገባኝ።

«ወለተ ኪዳን» አልኩት።

ዓይኑን ጨፍኖ ከንፈሩን አንቀሳቀሰ። ጣቱን በከዘራው ላይ መታ መታ አደረገ። አንድ ነገር ሞከረ፣ ራሱን ነቀነቀ፣ ሌላ ሞከረ። ከዚያ ፊቱ በራ።

«አይዞሽ» አለኝ፣ ትከሻዬን ቸብ እያደረገ። «ቤት የሚመታ ስም ነው።»